ለሚከራይ ቤት ርካሽ ምንጣፍ፦ መጀመሪያ ሊሾውን እንይ

እሷ፦ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የምናወራው የሚከራይ ቤት ውስጥ ስለሚነጠፍ ምንጣፍ ነው። ርካሹን እንዴት እንምረጥ፣ ከስሩስ ምን ይግባ። ደሴ ያሉትን የእናቴን ሁለት ክፍሎች የማከራየው እኔ ነኝ፤ ነገሩ ያገባኛል።

እሱ፦ እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ ተከራይ ነኝ፣ በተከራይ በኩል እከራከርሻለሁ። ለመሆኑ ምንጣፍ ለምን? ሊሾው ላይ ፕላስቲክ ጣል ማድረግ አይበቃም?

እሷ፦ ለአንተ ይበቃሃል። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፣ ሞቃት ነው። ደሴ ግን 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። በኅዳር ሌሊት በባዶ እግርህ ሊሾውን ርገጠውና ከዚያ ንገረኝ። ሕፃን የሚድህበት ቤት ከሆነማ ምንጣፉ ጌጥ አይደለም።

እሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ።

እሷ፦ መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገርህ። የገዛሁት ለስላሳ፣ ወፈር ያለ፣ ጀርባው ጨርቅ ነገር ነበር። ሻጩ ከስሩ ምንም አያስፈልገውም አለኝ፣ አመንኩት። ሊሾው ላይ እንዲሁ ዘርግተን ዙሪያውን በማስቲሽ አጣበቅነው። ነሐሴ ላይ ተከራይዋ ደወለች፤ ቤቱ ይሸተኛል አለችኝ። ሄጄ ጥጉን ስገልጠው ጀርባው ጠቁሮ ሻግቷል። ልጇ ክረምቱን ሙሉ እዚያ ላይ ነው ስትድህ የከረመችው። በጣም ነው ያፈርኩት።

እሱ፦ ጣሪያው አፍስሶ ነው?

እሷ፦ ኧረ ከታች ነው የመጣው። ሊሾ ድንጋይ ቢመስልም እርጥበት ከአፈሩ ወደ ላይ ይስባል፣ በተለይ ከስሩ ላስቲክ ሳይነጠፍ የተሞላ የድሮ ወለል ከሆነ። ባዶውን ሲሆን ተንኖ ስለሚወጣ አታየውም፤ ምንጣፍ ስትጭንበት ግን መውጫ ያጣል። አሁን ሳልፈትሽ ሱቅ አልሄድም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ንጹሕ ፌስታል ቀድጄ ሊሾው ላይ እዘረጋና ዙሪያውን በፕላስተር እዘጋዋለሁ። በማግሥቱ ስገልጠው ከስሩ ጤዛ ከያዘ ወይም ሊሾው ከጠቆረ እርጥበት አለ ማለት ነው። ክረምት ላይ መሞከር ይሻላል፤ በጥር ደረቅ መስሎ ያታልላል።

እሱ፦ ጤዛ ከያዘስ?

እሷ፦ እዚያ ክፍል ሙሉ ምንጣፍ አይገባም። ተነስቶ ፀሐይ የሚሞቅ ስጋጃ ብቻ።

እሱ፦ እሺ፣ ደረቅ ነው እንበል። ምን ልግዛ?

እሷ፦ ከርካሾቹ አብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ነው። የእህል ማዳበሪያ የሚሠራበት ፕላስቲክ ማለት ነው። ክሩ ውኃ አይመጥም፣ ቡና ቢደፋበት ቶሎ ከተጠረገ ይለቃል። ለኪራይ ቤት እሱን እመርጣለሁ። ጉድለቱ ይተኛል፤ ከበር ወደ አልጋ የሚኬድበት መስመር ተረግጦ ተረግጦ ይተኛና አይነሳም። ስለዚህ አጭርና ጥቅጥቅ ያለውን ፈልግ። አጥፈህ እየው፤ በክሮቹ መሃል ጀርባው ፍንትው ብሎ ከታየህ ተወው። ናይለን ተረግጦም ይነሳል፣ ግን ዋጋው ከፍ ይላል።

እሱ፦ ሻጩ ፕላስቲኩን ናይለን ነው ብሎ ቢሸጥልኝስ?

እሷ፦ ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዝና በደንብ አርሰህ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ክተተው። ፖሊፕሮፒሊን ከውኃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። ናይለንና ፖሊስተር ይሰጥማሉ።

እሱ፦ ወላሂ ይሄን አላውቅም ነበር! ግን እሳቱን ረሳሽው። ወሎ ነን እኮ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ከሰሉን ከበን ነው የምንቀመጠው፣ ዕጣን ሊጨመር ሲል አንዲት ፍም ብትፈናጠር...

እሷ፦ ምንጣፉ ይቀልጣል። ፖሊፕሮፒሊን 160 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ነው የሚቀልጠው፣ ፍም ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ባና ቢሆን፣ የበግ ፀጉር ስለሆነ፣ ጠቁሮ ይቀር ነበር። ስለዚህ ቡና የሚፈላበትን ጥግ አላነጥፈውም። በሩ ጋ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሊሾውን እተወዋለሁ፤ ረከቦቱም፣ ቄጤማውም፣ የሚወልቀው ጫማም እዚያው ይሁን።

እሱ፦ እንደ ተከራይ በጣም የወደድኩልሽ እሱን ነው። አንዲት ፍም ወደቀች ብሎ መያዣ ብሬን ያልመለሰልኝ አከራይ ነበር። ሰው ቤቱ ቡና አፈላ ተብሎ ይቀጣል እንዴ? በይ እሺ፣ ከስሩስ? ፍራሽ ቤት የሚሸጠው ስስ ስፖንጅ ይሆናል?

እሷ፦ አይሆንም፣ ተው! ሲነኩት ደስ ይላል፣ ሰው ሲመላለስበት ግን ቶሎ ይሟሽሻል። በአውራ ጣትህ ተጫነው፤ ጣትህ ወለሉ ድረስ ከገባ አይረባም። ከውፍረቱ ይልቅ ጥጥር ማለቱን እይ። 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ጠንከር ያለ ይበቃል። በጣም ወፍራም ከሆነ ምንጣፉ በእያንዳንዱ እርምጃ እየተለመጠ ጀርባው ይላላል፣ በሩም አልዘጋ ይልሃል። ካርቶን ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፣ እንዳታስበው።

እሱ፦ እኔ ግን ብሩ ትንሽ ከሆነ ጥሩ ምንጣፍ ገዝቼ ስሩን እተወው ነበር።

እሷ፦ ተቃራኒውን አድርግ። ርካሽ ምንጣፍ ጥሩ ስር ካለው ይቆያል። ስር የሌለውን ከላይ እግር፣ ከታች ሸካራ ሊሾ ሆነው እንደ ወፍጮ ይፈጩታል። ደግሞ ተከራይ ተቀይሮ ላዩን ብትቀይረው እንኳ ስሩ ካልረጠበና ካልተኛ ለሚቀጥለውም ያገለግላል። ማስቲሽ ግን ደግሜ አልነካም! ጥጉ ተገልጦ መታየት አለበት።

እሱ፦ ልኩስ? በካሬ ስለሚሸጥ ሰው እየተሳሳተ ይከስራል።

እሷ፦ ጥቅሉ ብዙ ጊዜ ወርዱ 4 ሜትር ነው። ክፍሉ 3 ሜትር ተኩል በ4 ከሆነ 3 ሜትር ተኩል ታስቆርጣለህ፣ 14 ካሬ። ግን የጭቃ ቤት ግድግዳ ቀጥ አይልም፤ በአንዱ ጫፍ 4 የነበረው በሌላው 4 ከ10 ይሆናል። ሁለቱንም ጫፍ ለካ። ያቺን 10 ሳንቲም አልጋው ጀርባ ደብቃት እንጂ አትቀጥላት፣ መጀመሪያ የሚነሳው ቅጥያው ነው። ቁራጩንም አትጣል፣ ፍም የበላው ቦታ ይጠገንበታል።

እሱ፦ እህቴ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ቤት ልትይዝ ነው፤ አከራዩ ምንጣፍ አነጥፍልሻለሁ ብሏታል። ዛሬ ማታ ደውዬ ፌስታሉን ሊሾው ላይ እንድትዘረጋው እነግራታለሁ፤ ነገ ጠዋት ሄደን አብረን እንገልጠዋለን።