ቦክሰኛው ከሪንግ ወርዶ ወደ ቤት ሲገባ

(በጅማ ከተማ ለቀድሞ ቦክሰኞች በተዘጋጀ የምስጋና መድረክ ላይ በአንድ የቀድሞ ቦክሰኛ ባለቤት የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ አሠልጣኞች፣ ወጣት ቦክሰኞች፣ ከአጋሮና ከሊሙ ድረስ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ በባለቤቴ ስም የምስጋና ቃል እንዳሰማ ጠይቀውኛል። ለተደረበለት ጋቢና ለተሰጠው የምስክር ወረቀት ከልብ እናመሰግናለን። ብዙዎቻችሁ እሱን የምታውቁት በከተማችን ሰፈር በፈረንጅ አራዳ በትከሻችሁ ተሸክማችሁት ስትጨፍሩ ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጡትን ዓመታት አውቃለሁ፤ ዛሬ የምናገረውም ስለ እነሱ ነው። ይህን ወረቀት ትናንት ማታ አንብቦታል። እሱ ያልፈቀደው ቃል በውስጡ የለም።

ባለፈው ክረምት ልጆቻችን ከኔትፍሊክስ አንድ ተከታታይ ዝግጅት አምጥተው በቤታችን ማየት ጀመርን። «አት ሆም ዊዝ ዘ ፉሪስ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የወጣ ባለ ዘጠኝ ክፍል ዝግጅት ነው። ተዋናይ የለበትም። ካሜራው እንግሊዝ ውስጥ ሞርካም በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ታይሰን ፉሪ ቤት ገብቶ ሰውየውን፣ ሚስቱን ፓሪስንና ልጆቻቸውን ይከተላል። ፉሪ ማን እንደሆነ ለዚህ አዳራሽ መንገር አያስፈልገኝም። የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ቭላዲሚር ክሊችኮን እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን ዱሰልዶርፍ ላይ በነጥብ ያሸነፈው ቦክሰኛ ነው። በሚያዝያ 2022 ደግሞ ዌምብሌይ ስታዲየም በ94 ሺህ ተመልካች ፊት ዲሊያን ኋይትን በስድስተኛው ዙር በዝረራ ጥሎ ጓንቱን እንደሰቀለ ተናገረ። ጋዜጠኞች እዚያ ላይ ወደየቤታቸው ሄዱ። ይህ ዝግጅት ግን ከዚያ ይቀጥላል።

ዝግጅቱን እንደምናይ ሲሰሙ «የሀብታም ቤት ወሬ ምን ያደርግላችኋል?» ያሉን ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ እዚህ ተቀምጠዋል፤ በአክብሮት እመልስላቸዋለሁ። እኔ እዚያ ያየሁት ቪላውንና መኪናውን አይደለም። ጠዋት ያቀደውን ማታ የሚያፈርስ፣ ያለ ምክንያት ድንገት የሚከፋው፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ሲመለስ ቀኑን በምን እንደሚሞላው የጠፋው ባል አየሁ። ከልጆቿና ከእሱ መካከል ቆማ የሁሉንም ፊት የምታነብ ሚስት አየሁ። ሰውየው ባይፖላር የሚባል የአእምሮ ሕመም እንዳለበት፣ ክሊችኮን ካሸነፈ በኋላም ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደነበር በአደባባይ ተናግሯል። ጓንቱን ሰቅሎም ዓመት አልሞላው፤ በዚያው በ2022 ታኅሣሥ ከእንግሊዛዊው ቦክሰኛ ዴሪክ ቺሶራ ጋር ሊጋጠም ወደ ሪንግ ተመለሰ። ብር የሞላው ቤት ነው። ሐኪም የፈለገ ቀን ሐኪም ያገኛል። ያም ሆኖ ቤቱ ውስጥ መቀመጥ አቃተው። እንግዲህ ባዶ እጁን ከሪንግ የወረደ የጅማ ልጅ እንዴት ይቀመጥ?

ባለቤቴ ዝግጅቱን ከእኛ ጋር ማየት የጀመረው ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በመስኮት ይሰማ ነበር። አንድ ማታ ፉሪ ምንም ነገር አላስደስት ብሎት ጭልም ሲል የሚያሳየው ክፍል ላይ ገብቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ቡናው ቀዘቀዘበት። ሲያልቅ ልጃችን «አባዬ፣ አንተም እንደዚህ ነበርክ?» አለችው። «አዎ» አላት። ይህን ቃል ለእኔ እንኳን ብሎልኝ አያውቅም ነበር።

ያን ማታ ነው ስለ ቱታው ያወራነው። ይህን ታሪክ እናንተም ስሙት።

ውድድር ማቆሙን ለነበረበት ክለብ ባሳወቀ በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። የክለቡን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹም ተለዋውጠዋል። ደብዳቤው የቀረው ክፍያ እንዲለቀቅለት ክሊራንስ፣ ማለትም ንብረት የማስረከብ ሥርዓት፣ ይጨርስ ይላል። በስሙ ወጪ የሆኑ ንብረቶች ተዘርዝረዋል፤ ቱታ፣ ጓንት፣ የራስ መከላከያ፣ የመዝለያ ገመድ። ሌላ ቃል የለበትም። ስላገለገልከን እናመሰግናለን የሚል አንድ መስመር ፈልጌ ገልብጬ ሁሉ አየሁት።

ቱታውን አጥብልሃለሁ ብለው እምቢ አለኝ፤ ራሱ አጠበው። ዝናቡ ስላላቋረጠ ቤት ውስጥ ከሰል አጠገብ አንጠልጥሎ አደረቀው። ከዚያ ካውያ አምጪ አለኝ። ጀርባው ላይ የተጻፈው «ጅማ» የሚለው ጽሑፍ እንዳይላጥ ቱታውን ገልብጦ በውስጥ በኩል ተኮሰው። እንዳይቃጠል ቀስ እያደረገ፣ እጅጌውን፣ ክሳዱን፣ ከዚያ እግሩን። በስሙ የወጣ ሳይሆን ከሰው የተቀበለው አደራ ይመስል ነበር። በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ።

ንብረት ክፍል ያለው ሰው ቱታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መረመረው። ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ዋጋው ከክፍያህ ይቀነሳል አለው። ያ ጉልበት የተቀደደው ሌሊት ተነስቶ እስከ ጅሬን፣ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ሲሮጥ ዳገቱ ላይ ወድቆ ነው። ለማን ነበር የሚሮጠው? ለዚህች ከተማ ነው የሚሮጠው! ባለቤቴ አንድ ቃል አልመለሰም። ፈርሞ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይነቃ ነበር። መብራት ሳያበራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጁን በፋሻ ይጠቀልላል፤ በጣቶቹ መካከል እያሳለፈ፣ አንጓው ላይ እያጠበቀ፣ ለውድድር እንደሚወጣ ሰው። ጨርሶ ትንሽ ይቀመጥና መልሶ ይፈታዋል። እኔ የተኛሁ እመስላለሁ። ምን ብዬ እንደምጠይቀው ማንም አላስተማረኝም። አሠልጣኙ ክብደት እንዲቀንስ ምን እንደማበስልለት ነግሮኝ ያውቃል። ሲያቆም ምን እንደማደርግለት የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።

ወገኖቼ፣ በደስታችሁ ቀን አልጨክንባችሁም፤ አልዋሻችሁምም። ቡና ቤት ተቀምጣችሁ «ያ ሰውዬ ጭንቅላቱን ተመትቷል» የምትሉ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። እናንተ ስትስቁ ልጆቻችን ደብተራቸውን ይዘው በአጠገባችሁ ያልፋሉ። ሲያሸንፍ የጅማ ልጅ፣ ሲደክም የሚስቱ ባል! በ2010 ዓ.ም. የእግር ኳስ ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ይህች ከተማ እንዴት እንደተደሰተች ሁላችንም እናስታውሳለን። መደሰት የሚችል ሕዝብ ነን። ታዲያ ስለ ምን የሰውን ደስታ ተካፍለን ድካሙን ለአንዲት ሴት እንተዋለን?

ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ምት ጉዳይ ቀልድ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ ቦክሰኞች ላይ ስለሚታየው የአእምሮ ጉዳት በሕክምና መጽሔት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ተደጋጋሚ ምት ከዓመታት በኋላ መርሳትን፣ ቶሎ መቆጣትን፣ ትካዜን ሊያመጣ እንደሚችል ሐኪሞች ያውቃሉ። በእያንዳንዱ ቦክሰኛ ላይ ይደርሳል አልልም። ነገር ግን ሳይመረመር ቤቱ የተላከ ሰው ሲቆጣ «ጠባዩ ነው» ይባላል፤ ሚስቱም ታምነዋለች። ስንት ትዳር በዚህ ፈረሰ? ስማቸውን ብጠራ ታውቋቸዋላችሁ፤ አልጠራም።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ መድረክ ሳልወርድ የምጠይቀው ነገር አለ። ውድድር የሚያቆም ቦክሰኛ ክሊራንስ ከመጨረሱ በፊት ሐኪም ይየው፤ ምርመራው ላይ ሚስቱ ወይም እናቱ አብራው ትቀመጥ። ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እዚሁ በከተማችን ነው።

ሥራም ይሰጠው። አሜሪካዊውን ቦክሰኛ ጆርጅ ፎርማንን አስታውሱ። የእሱም ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ2008 በቴሌቪዥን እንዲህ ቀርቦ ነበር፤ አምስቱንም ወንዶች ልጆቹን ጆርጅ ብሎ የሰየመው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ቦክስ አቁሞ ሰባኪ ሆነ፣ ሂዩስተን ውስጥ የወጣቶች ማዕከል ከፈተ። በ1987 ወደ ሪንግ የተመለሰውም ለዚያ ማዕከል ገንዘብ ለማግኘት ነው፤ በ1994 በ45 ዓመቱ እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እኛ ከእነዚህ ጋቢ ከለበሱት አባቶች ይህን አንጠብቅም። ልጆች ሲለማመዱ ሳምንት በሳምንት የቡጢ መቀበያ ፓድ ይዘው ይቁሙላቸው፣ ትንሽ የኪስ ገንዘብ ይታሰብላቸው። ባለቤቴ ባለፈው ወር የሰፈር ልጆችን እንዴት ቆመው እንደሚከላከሉ ሲያሳይ በአጥር ቀዳዳ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ሙሉውን ምሳ በላ።

ወጣት ቦክሰኞች፣ እጮኞቻችሁን ልምምድ ቤት አምጧቸው። ከአሠልጣኞቻችሁ ጋር ይተዋወቁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዛሬ እዚህ የተጠሩት ባሎች ናቸው። ሚስቶቹ በር አጠገብ ባሉት ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል፤ ከዚህ ሆኜ አያቸዋለሁ። እትዬ፣ አንቺም፣ አንቺም ተነሱ። ከእነዚህ ሴቶች ጋር ተመካክረን የፈረምንበት ወረቀት ይኸው። ጥያቄያችን ተጽፎበታል። አዘጋጆች፣ የስብሰባችሁን ቀን ንገሩን፤ ወንበር አዘጋጁልን፤ እንመጣለን።

አመሰግናለሁ።