ቬስፓዬ ስንት ቀለም ለብሳለች

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው እዚሁ ልደታ፣ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ነው። ከላይ ያሉት ልጆች ኳስ ከጀመሩ ትሰሟቸዋላችሁ። ቻል አድርጉት።

ብዙዎቻችሁ እያደስኳት ስላለችው አሮጌ ሞተር ሳይክሌ፣ ስለ ቬስፓዋ አውራን ስትሉኝ ነበር። እሺ፣ ዛሬ የሷ ቀን ነው። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላስተካክል። ያያት ሁሉ «ጣሊያን ጥሏት የሄደ ናት» ይላል። አይደለችም። ጣሊያን ከዚህ የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። የጣሊያኑ ፋብሪካ ፒያጆ ቬስፓን መሥራት የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946፣ በኛ 1938 ላይ ነው። ስለዚህ ከወራሪ ጋር አልመጣችም። ሰው በገንዘቡ ገዝቶ ነው ያመጣት። የኔዋ እንዲያውም ዕድሜዋ ከዚያም በጣም ያንሳል። 150 ሱፐር የሚባለው ዓይነት ናት። እሱ በፈረንጅ ከ1965 እስከ 1979 ነው የተመረተው። ወይ የጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ናት፣ ወይ የደርግ።

አጎቴ ናቸው የሰጡኝ። እሳቸውም ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከሰው ላይ ነው የገዟት። ከዚያ በፊት ማን ማን እንደነዳት አይታወቅም። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የቢሮ ሰው ነኝ። ቦዲዋ ታች ከደረጃው ሥር ተቀምጧል። ሞተሯ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳዬ ላይ፣ ካርቶን ተነጥፎለት ተኝቶ ነው የከረመው። ባለቤቴ ታግሳኛለች። እዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፤ ይሄን ፖድካስት ትሰማዋለች።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ሁለተኛው ጥያቄ «ኦሪጅናል ናት?» የሚለው ነው። እኔም ስጀምር ዋናው ጭንቀቴ እሱ ነበር። ከፋብሪካ የወጣችበትን ቀን ልመልስላት ነበር ያሰብኩት። ጣሊያን አገር ዘመድ ያለው ጓደኛ አለኝ፣ ዕቃ በሻንጣ ሊያስመጣልኝ ዝግጁ ነበር። ዝርዝር ሁሉ አውጥተናል። ከዚያ ፈታኋት። ስፈታት ሐሳቤ ቀስ በቀስ ሌላ መልክ ያዘ።

ከወለሉ ልጀምር፣ እግር ከሚያርፍበት። ቬስፓ እንደ ሌላው ሞተር ሳይክል የቧንቧ ሻንሲ የላትም። ቦዲዋ ራሱ ሻንሲ ነው፤ የተጨፈለቀ ላሜራ። የነደፋት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሚባል የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው። ሄሊኮፕተርም ሠርቷል። የፊት ጎማዋ በአንድ ጎን ክንድ ብቻ መያዙ ከአውሮፕላን ማረፊያ እግር የመጣ ሐሳብ ነው። እንግዲህ ቦዲው ሻንሲ ከሆነ፣ ወለሉ ዝገት ሲበላው የመልክ ጉዳይ አይደለም። መሐሏ ላይ ልትታጠፍ ትችላለች። አዲስ አበባ የባህር ጨው የለም፣ ብረት ይቆያል። ግን ክረምታችን አለ። ውሃው ከእግር ማስቀመጫው ሥር ያሉት ድጋፎች ውስጥ ይጠራቀማል።

የኔዋን ቀለሙን ልጬ ወለሉን ሳይ፣ የፋብሪካ አይደለም። አንድ ሰው የበርሜል ላሜራ ቆርጦ፣ መስመሮቹን በመዶሻ አውጥቶ፣ በየዳው ላይ ተጠቦ ገጥሞታል። መስመሮቹ ትንሽ ይወላገዳሉ። ጓደኛዬ «ይሄማ መቆረጥ አለበት» አለ። መርካቶ የማማክራቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ፎቶውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ከፋብሪካው ይወፍራል። ምን አደረገህና ነው የምትቆርጠው?» አሉኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ቀጥሎ ሲሊንደሩ። የዚህች ሞተር የሲሊንደር ስፋት ከፋብሪካ 57 ሚሊሜትር ነው፤ የፒስቶኑ ምትም 57። ይዘቱ ሲሰላ 145 ሲሲ ገደማ ይሆናል፣ 150 የሚባለው በዙር ቁጥር ነው። ሲሊንደር ሲበላ ሬቲፊካ ይገባል፣ ይሰፋል፣ ከዚያ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ፒስቶን ይገባለታል። ደረጃው በ0.2 ሚሊሜትር ነው፤ 57.2፣ 57.4 እያለ ይሄዳል። ጋሼ ለክተውልኝ 57.4 አገኘን። አንድ ሰው በሆነ ጊዜ ከፍሎ፣ አስፍቶ፣ ፒስቶን ፈልጎ፣ የፒስቶኑን ቀለበት፣ ፋሻውን፣ ቀይሮ ነድቷታል። ያ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። የሠራው ሥራ ግን በካሊፐር ይነበባል። ይሄ በጣም ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

አሁን ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ዕቃ፣ ወደ ካርቡራቶሩ ልምጣ። የኦሪጅናል ነገር ያበቃልኝ እዚህ ላይ ነው።

ካርቡራቶሯ ዴሎርቶ የሚባለው ዓይነት ነው። ውስጡ ጂግለር የሚባል ትንሽ የነሐስ ዕቃ አለ፣ መሐሉ ፀጉር የምታህል ቀዳዳ ያላት። ቤንዚን በሷ በኩል ነው የሚመጠነው። ቀዳዳዋ ከሰፋ ብዙ ቤንዚን ይገባል፣ ከጠበበች ትንሽ። ፋብሪካው ልኳን የመረጠው ያለበት ከተማ፣ ጣሊያን ፖንቴዴራ ላይ ሆኖ ነው። ፖንቴዴራ ከባህር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም። አዲስ አበባ ደግሞ 2,355 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባህር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አየሩ ሳሳ፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። ስለዚህ የፋብሪካውን ጂግለር ብታስገቡላት ቤንዚን ይበዛባታል። እሳት የምትጭረው ካንዴላዋ ጥላሸት ትሆናለች፣ ዳገት ላይ ታፍናለች፣ ጭሷም ሌላ ነው።

እኔ ካርቡራቶሩን ፈትቼ ጂግለሩን ስመለከት፣ ቀዳዳው በቆርቆሮ ብየዳ ተደፍኖ እንደገና በቀጭኑ ተበስቷል። በእጅ! ምን ዓይነት መርፌ እንደተጠቀመ አላውቅም። ጋሼን ብጠይቃቸው ሳቁ። ድሮ ሁሉም እንዲህ ነበር የሚያደርገው አሉ፤ አነስተኛ ቁጥር ጂግለር ከየት ይመጣል? አጎቴም «ቸርችል ጎዳናን ሁለት ሰው ጭና ትወጣ ነበር፣ በሁለተኛ ማርሽ» ይላሉ። አጎቴ ትንሽ ማጋነን ይወዳሉ። ግን ካንዴላውን አይቻለሁ። ቡናማ ነው፤ መሆን ያለበት ቀለም።

እና አስቡት። ኦሪጅናሉን ጂግለር በሻንጣ አስመጥቼ ብገጥም፣ ወረቀት ላይ ትክክል ትሆናለች፣ መንገድ ላይ ግን ትብሳለች። የትኛውን ነው እንግዲህ «ማደስ» የምለው? የብራና መጽሐፎቻችንን አይታችኋል መቼም። ባዶው ገጽ ላይ የመሬት ሽያጭ ይጻፋል፣ ውል ይጻፋል፣ የኋላ ባለቤት ስሙን ያስገባል፣ ጥራዙ ሲያረጅ ሌላ እጅ ይሰፋዋል። ማንም ተነስቶ ያንን ፍቆ ጸሐፊው የጨረሰበትን ቀን ልመልስ አይልም። እኔ ደግሞ በርሜል ላሜራውን ልቆርጥ ነበር።

አይ፣ ግን ነገሩን እንዳላጋንነው። እጅ የነካው ሁሉ ይቆይ እያልኩ አይደለም። አንዳንዱ ሥራ አደጋ ነው። የፍሬን ገመዷ በሽቦ ተቀጥሎ ነበር፤ ወዲያው ጣልኩት። የፍሬን ሸራውን፣ የመብራት ሽቦዎቹን፣ በብረቶቹ መሐል የሚገቡትን ማሸጊያዎች፣ ጓርኒሲዮኖቹን፣ በሙሉ ቀይሬያለሁ። እዚህ ላይ ቅርስ የለም። ቸርችልን ወደ ታች ስትወርዱ የሚያስፈልጋችሁ ፍሬን ነው።

ጎማዋም ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ለምትሞክሩ። የቬስፓ ቸርኬ ሁለት ግማሽ ነው፣ በብሎን የተያያዘ። ይሄ ለባለቤቱ ታስቦ ነው፤ ጎሚስታ ሳትሄዱ የውስጥ ጎማ ትቀይራላችሁ። ግን ብሎኖቹን ከመንካታችሁ በፊት አየሩን አስወጡ። ሙሉ ሳለ ብትፈቱት ሁለቱ ግማሾች በኃይል ይለያያሉ። እጅ ይሰብራል። ይሄን ደግሜ እላለሁ፣ አየሩን መጀመሪያ።

ስለ ዕቃ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የመኪና ዕቃ ነው የሚበዛው፣ ለቬስፓ ብዙም ተስፋ የለም። ምናለሽ ተራ ግን ሌላ ዓለም ነው። ዕቃ አታገኙም፣ የሚሠራላችሁ ሰው ታገኛላችሁ። የጭስ ማውጫዋን፣ የማርሚታዋን፣ መያዣ እዚያ ነው ያሠራሁት። የድሮውን አሳየሁት፣ አዟዟረው፣ ዋጋ ነገረኝ፣ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ አልቋል። ሦስተኛው መንገድ ህንድ ነው። ባጃጅ፣ አዎ የኛው ባጃጅ ፋብሪካ፣ መጀመሪያ በፒያጆ ፈቃድ ቬስፓ ይገጣጥም ነበር። በኋላ ቼታክ ብሎ የራሱን ሠራ፣ እሱም መሠረቱ ቬስፓ ነው። ስለዚህ ብዙ የቼታክ ዕቃ ይገጥማል። ጎማው ላይ ግን ተጠንቀቁ። የባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ጎማም ባለ 8 ኢንች ነው፣ ነገር ግን ስፋቱ 4.00 ነው። የኔዋ የምትፈልገው 3.50 ነው። ይገባል የሚሉ አሉ። እኔ አልሞከርኩትም፣ ትክክለኛውን ነው የጠበቅኩት።

ሞተሯን በቅርቡ አስነሳናት። እዚህ ላይ አንድ የከተማችን ችግር አለ። ማደያ በጀሪካን ቤንዚን አይሸጥላችሁም። ሞተሯ ደግሞ ያኔ በረንዳ ላይ ነበረች፣ ማደያ አትሄድም። ምን ይደረጋል? ከጓደኛዬ መኪና በጎማ ቱቦ ቀዳን። ከዚያ ዘይት መቀላቀል አለ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ናት። የሚሽከረከረውን ዘንግ፣ ኮሎውንም፣ ፒስቶኑንም የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ዘይት ነው፣ ሌላ የለም። ለዚች ሞዴል 2 በመቶ ነው፤ ለ5 ሊትር 100 ሚሊሊትር። ያለ ዘይት ብታስነሷት ፒስቶኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቀራል፣ በቃ።

ታች አወረድናት፣ ቦዲው ላይ ገጠምናት፣ ግቢው ውስጥ ረገጥኩ። ረገጥኩ። ጋሼ የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረውን ፑንቲና እንደገና አስተካከሉ። ረገጥኩ። ተነሳች። ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው። የመጀመሪያው ፎቅ ጎረቤታችን ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወጡ። «አንተ ልጅ፣ ልብስ አስጥቻለሁ እኮ!» አሉኝ። ይቅርታ እትዬ አልኳቸው። ልብሱን አብረን ሰበሰብን። ሞተሯ ግን አልጠፋችም። ጓደኛዬ ሊያጠፋት ሲሄድ ተዋት አልኩት።

የቀረው ቀለም ነው። ስልጣት ላይኛው ቀይ ነበር። ከሥሩ ሰማያዊ፣ የድሮ ታክሲዎቻችን ዓይነት ሰማያዊ። ቀለም ቤቱ በዚያን ቀን የነበረው እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ ግምቴ ነው። ከዚያ ሥር ፈዘዝ ያለ ቀለም አለ፣ የፋብሪካው እሱ ይመስለኛል። ጓደኛዬ የመጨረሻውን ነው የሚፈልገው። እኔ ልቤ ሰማያዊው ላይ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ግን ሊብሬው አለ። አጎቴ ሊብሬዋን በላስቲክ ጠቅልለው አስቀምጠውልኝ ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው። እንደምታውቁት በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማው የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ከገደበ ወዲህ፣ ሞተር ይዞ መውጣት ቀላል አይደለም። ወረቀት ይታያል፣ ታርጋ ይታያል፣ ቦሎ ይታያል። የሻንሲ ቁጥሩን ይመለከታሉ። ለዚህ ነው ስትልጡም ስቱኮ ስትመቱም ቁጥሩ ያለበትን ቦታ በቴፕ ሸፍኑት የምላችሁ። አንዴ ከተፋቀ ማን ያምናችኋል? እና ሊብሬውን ገልጬ ሳነብ፣ ቀለም በሚለው ቦታ «ቀይ» ይላል።

ስለዚህ ቀይ ነው። ቀለም ለማስቀየር ሌላ ደጅ መጥናት አልፈልግም። ቀለም ቀማሚው ጋ ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ። ከመቀመጫው ሥር ፀሐይ ያልነካው ቀይ ቀርቷል፣ ከሱ ጋር እንዲያመሳስልልኝ የመቀመጫውን መያዣ ይዤለት እሄዳለሁ። የፍሪሲዮን ሸራ ከየት አገኘህ ብላችሁ የጻፋችሁልኝ፣ መልሱ ረጅም ነው፣ በሚቀጥለው ክፍል። ቸር ሰንብቱ።