ስኳርን ስለሚተኩ ማጣፈጫዎች፦ ለስኳር ሕሙማንና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ ከስኳር ሕመም ጋር የምትኖሩ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ እነሱን የምታስታምሙ ቤተሰቦች፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው «ስኳር አልባ» ተብለው ስለሚሸጡት ለስላሳ መጠጦችና በየቦርሳችን ስለምንይዛቸው የማጣፈጫ ክኒኖች ነው። በምርመራ ክፍል ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው፤ ካንሰር ያመጣሉ ወይ፣ ክብደትስ ይቀንሳሉ ወይ።

የካንሰሩን ጉዳይ አስቀድሜ ልጨርሰው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አስፓርቴም የተባለውን ማጣፈጫ ካንሰር የማምጣት ዕድል ሊኖራቸው ይችላል ከሚባሉት ምድብ ሲያስገባው ብዙ ሰው ደነገጠ። ምድቡ ግን የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን መጠን አይለካም፤ ማስረጃውም ውሱን ነው ተብሏል። በዚያው ጊዜ የምግብ ተጨማሪዎችን የሚመረምረው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ኮሚቴ የቀድሞውን ገደብ፣ ማለትም በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊግራም፣ እንዳለ አጽንቶታል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ቆርቆሮ ስኳር አልባ ለስላሳ መጠጣት ይኖርበታል። ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን አስፓርቴምን ፈጽሞ መራቅ አለባቸው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 2015 ዓ.ም.፣ የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን ማጣፈጫዎች ክብደት ለመቆጣጠር ብሎ መጠቀም እንደማይመከር አስታውቋል። በአጭር ጊዜ ሙከራዎች ስኳርን በማጣፈጫ የተኩ ሰዎች በአማካይ አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ክብደት ቀንሰዋል፤ ሰዎችን ለዓመታት በተከታተሉ ጥናቶች ግን ማጣፈጫ የሚያዘወትሩት ለዓይነት ሁለት የስኳር ሕመምና ለልብ ሕመም ይበልጥ ተጋልጠው ተገኝተዋል። እውነት ነው፣ ማጣፈጫ የሚመርጠው ቀድሞውኑ የወፈረ ወይም ለሕመም የተቃረበ ሰው ሊሆን ስለሚችል፣ ጥፋቱን ሁሉ በማጣፈጫው ላይ መጫን አይቻልም፤ ምክሩም ጠንካራ ሳይሆን በቅድመ ሁኔታ የተሰጠ ነው። ቢሆንም በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች በ2014 ዓ.ም. ባሳተሙት፣ 120 ጤነኛ ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ፣ ሳካሪንና ሱክራሎዝ የተባሉት ማጣፈጫዎች ለሁለት ሳምንት ብቻ ተወስደው እንኳ ሰውነት ስኳርን የሚያስተናግድበትን መንገድ ማወካቸው ታይቷል። ይህም በአንጀት ውስጥ ከሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ለውጥ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ከሰው ሰውም ይለያያል።

የድርጅቱ ምክር አስቀድሞ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም። ስለዚህ ክኒናችሁን ዛሬውኑ ጣሉት አልላችሁም፤ በሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ከመጨመር ክኒኑ ይሻላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው፤ በቀን አራት ብርጭቆ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው ከሻይ ብቻ 48 ግራም ወሰደ ማለት ነው፤ ይህም ለአዋቂ ሰው የሚፈቀደውን የቀን ጣሪያ፣ 50 ግራም ገደማውን፣ ሊሞላ የቀረው ጥቂት ነው። እኔ የምለምናችሁ ግን ክኒኑንም ቢሆን ቀስ በቀስ እንድትቀንሱት ነው፤ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጣፋጭ ያነሰበትን ሻይ ይለምዳል፣ ቡናውንም ያለ ስኳር የሚጠጣ በመካከላችን ሞልቷል። ሻዩን በክኒን አጣፍጦ «ከስኳሩ ተርፌያለሁ» በሚል ሁለት ቁራሽ ኬክ የሚጨምር ሰው አላተረፈም።

ዕቃ ስትገዙ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ። ኢ 951 አስፓርቴም፣ ኢ 954 ሳካሪን፣ ኢ 955 ሱክራሎዝ ናቸው። በትንንሽ ወረቀት የሚታሸገው የዱቄት ማጣፈጫ አብዛኛው ክፍሉ ማጣፈጫው ሳይሆን፣ እንዲበዛ የተጨመረ ዴክስትሮዝ ወይም ማልቶዴክስትሪን ነው፤ ሁለቱም በደም ውስጥ ስኳር ይሆናሉ። አንዱ ፓኬት ብዙ አይጎዳም፤ በቀን አሥር የሚያወርድ ግን ሊያስብበት ይገባል።

በመጨረሻም ኢንሱሊን የምትወስዱ ሁሉ ይህን ለቤተሰባችሁ ንገሩ። ላብ ሲያጠምቃችሁ፣ እጃችሁ ሲንቀጠቀጥና ስኳራችሁ ሲወርድ ስኳር አልባ ለስላሳ አያድናችሁም። በዚያን ጊዜ ግማሽ ብርጭቆ የተለመደውን ባለ ስኳር ለስላሳ፣ ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም ስኳራችሁን ለኩ፣ ካልተስተካከለ ድገሙት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም ነገር በአፉ ሳታደርጉ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት።

አመሰግናለሁ።