ክንድ ስጡ፣ እጅ አትጎትቱ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዓይነ ስውራን በነጭ በትር ብቻቸውን እንዲንቀሳቀሱ አሰለጥናለሁ። በዚህ ሳምንት ስልክ ደውላችሁ ከጠየቃችሁኝ የተወሰነውን እነሆ።

ከስድስት ኪሎ የደወለ ተማሪ፦ ዓይነ ስውር ጓደኛዬን «ጨዋታውን አየኸው?» አልኩትና ደነገጥኩ። አስቀየምኩት ይሆን?

አላስቀየምከውም። እሱ ራሱ «አየሁት» ነው የሚልህ።

አንዲት እህት ከፒያሳ፦ መንገድ ዳር የቆመ ዓይነ ስውር ሳይ ሮጬ እጁን ይዤ አሻግራለሁ። ጓደኛዬ «ተሳስተሻል» አለችኝ። መርዳት ስህተት ነው እንዴ?

መርዳትሽ ስህተት አይደለም፤ ስህተቱ አያያዝሽ ላይ ነው። ይህን ጥያቄ ሁሌ እሰማለሁ፣ እስኪሰለቻችሁም እደግመዋለሁ፦ መጀመሪያ ጠይቂ፣ ከዚያ ክንድሽን ስጪ።

ሰውየው መሻገር መፈለጉን በምን አወቅሽ? አንድ ሰልጣኜ አራት ኪሎ ጓደኛውን ቆሞ ሲጠብቅ አንዱ መጥቶ አሻገረው። ምንም ሳይናገር ትቶት ሄደ። ልጁ የት እንዳለ ጠፋበት።

ዓይነ ስውር ሰው ብቻውን ሲሄድ መንገዱን በጭንቅላቱ ይዞ ነው። የአስፋልቱ ጠርዝ፣ የዳቦ ቤቱ ሽታ፣ የወያላው ጥሪ ምልክቶቹ ናቸው። ድንገት ስትጎትቺው ሁሉም ይምታታበታል። በትሩን መያዝ ደግሞ የባሰ ነው። ፊቱ ያለውን ጉድጓድና ክዳን የሌለው ቱቦ የሚነግረው በትሩ ነዋ! ከኋላ ስትገፊው አደጋው ላይ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። እንዲህ ተገፍቶ ቱቦ ውስጥ ገብቶ እግሩ የተሰበረ ሰልጣኝ ነበረኝ።

ቀረብ ብለሽ ሰላም በዪው። «ልርዳህ?» በዪው። እሺ ካለሽ ክንድሽን ወደ እጁ አስጠጊለት፤ ከክርንሽ ከፍ አድርጎ ይይዝሻል። ግማሽ እርምጃ ቀድመሽ ሂጂ። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋ ስትደርሱ ቆም በዪና «ወደ ላይ» ወይም «ወደ ታች» በዪው። ቦታው ከጠበበ ክንድሽን ወደ ጀርባሽ አዙሪ፣ ከኋላሽ ይከተልሻል። ስትለዪው «እዚህ ጋ ነን፣ ደህና ሁን» በዪው። ሜዳ ላይ አትተዪው፤ እጁ ግድግዳ ወይም አጥር ያግኝ። «አልፈልግም» ካለሽም አትቀየሚው።

ለሾፌሮችም የምለው አለኝ። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ቀስ ብሎ ሲሄድ ድምፁ አይሰማም። በጆሮው የሚሻገር ሰው ደግሞ መምጣቱን የሚያውቀው በድምፅ ነው። ነጭ በትር ስታዩ ቁሙ። ክላክስ አታድርጉ፤ «እለፍ» ይሁን «ቁም» በምን ይለየው?

አንድ ወጣት ከካዛንቺስ፦ ጊዜ የለኝም፣ በስልክ መርዳት እችላለሁ?

ትችላለህ። ቢ ማይ አይስ የሚባል ነፃ አፕ አለ። ዓይነ ስውሩ በቪዲዮ ይደውላል፤ አንተ የመድኃኒቱን ማብቂያ ቀን ታነብለታለህ፣ የሸሚዙን ቀለም ትነግረዋለህ። መንገድ ግን በስልክ አታሻግር። ለእሱ ክንድ ያስፈልጋል።

አንዲት እናት ከልደታ፦ ልጄ በ17 ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ። አሁን «ቡና ላፍላ» ትለኛለች። ትቃጠላለች ብዬ እሰጋለሁ።

እናቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን ታፍላ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ትለማመድ። የሲኒውን ጠርዝ በጣቷ ታግኝ፣ የጀበናውን አፍ እዚያው ታስጠጋ፣ ቀስ ብላ ትቅዳ። ሲኒው ሲሞላ ድምፁ ይቀየራል፣ ጆሮዋ ይለምደዋል። ትኩሱን በኋላ፣ እርስዎ አጠገቧ ሆነው። የስኳሩ ዕቃ ላይ ላስቲክ ይሰሩበት፣ ከጨው ትለየዋለች። ዕቃ ሳይነግሯት ከቦታው አያንሱ። በርም ወይ ጥርቅም፣ ወይ ክፍት ይሁን፤ ገርበብ ያለ በር ግንባሯን ይመታታል። እጇን ይዘው አይሥሩላት። ጠይቋት፣ ከፈለገች ብቻ ያግዟት።

ከአራት ኪሎ የደወለ፦ የአባቴ ዓይን ብሌን ነጭ እየሆነ ነው። ጎረቤት ጠብታ ሰጥቶናል፣ እናድርግለት?

አታድርጉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ምን እንደሆነም በስልክ አልነግርህም። የዓይን ሞራ ከሆነ ጠብታ አይገፈውም፣ በቀዶ ሕክምና ነው የሚነሳው። በአገራችን ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት ምክንያት ሞራ ነው፤ ስንቱ መታከም ሲችል ቤት ተቀምጧል! ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ሩቅ አይደለም፣ ነገ ጠዋት ውሰዳቸው። ደረጃው ላይ ስትደርሱም ክንድህን ስጣቸው እንጂ እጃቸውን አትጎትት።