ጀልባው ያንተ፣ ውሃው የሕዝብ፦ ስለ ወደብና ስለ ሙሪንግ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ዛሬ የባሕር ጠረፍ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ትንንሽ ወደቦችንና የጀልባ ማሰሪያዎችን እንዴት ነው ሚቆጣጠረው በሚለው ላይ የደወላችሁልንን ነው ይዘን የመጣነው። ሙሪንግ ስንል ባሕሩ ወለል ላይ የተቀመጠ ከባድ ክብደት ወይ መልህቅ፣ ከሱ የተያያዘ ሰንሰለት፣ ላይ ደሞ የሚንሳፈፍ ቡይ ማለታችን ነው፣ ጀልባው እዛ ላይ ታስሮ ይውላል ያድራል። ጥያቄዎቹን ትንሽ አሳጥረናቸዋል።

ደዋይ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ለብዙ አመት አንድ ሙሪንግ ነበረው፣ ክፍያ አሳልፎ አያውቅም። አሁን አርፏል፣ ጀልባዋ ለኔ ደርሳኛለች፣ የወደቡ ቢሮ ግን ቦታው አይወረስም ወረፋ ግባ አለኝ። ይሄ ልክ ነው?

እግዜር ያጥናህ ወንድሜ። ምን መሰለህ፣ ጀልባዋ ያንተ ናት፣ ሰንሰለቱም ከታች ያለው ክብደትም አባትህ ገዝቶት ከነበረ ያንተ ነው፣ ቦታው ግን የአባትህም አልነበረም። እሱ የነበረው ፈቃድ ነው፣ ያውም ብዙ ቦታ በየአመቱ የሚታደስ ፈቃድ። ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ533 የወጣው የሮማው ንጉሠ ነገሥት የጁስቲንያን ሕግ እንኳን አየር፣ ወራጅ ውሃ፣ ባሕርና የባሕሩ ዳርቻ የሁሉም የጋራ ነው ይላል። አሜሪካ ውስጥ የኢሊኖይ ምክር ቤት በ1869 ቺካጎ ፊት ለፊት ያለውን የሚቺጋን ሐይቅ ወለል ሰፊ ክፍል ለአንድ የባቡር ኩባንያ ሰጥቶ ነበር፣ በ1873 ሀሳቡን ቀይሮ ስጦታውን ሰረዘው፣ በኋላ ግዛቱ ኩባንያውን ከሰሰ፣ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1892 ፍርድ ቤቱ መንግስት ይሄን ውሃና ከስሩ ያለውን መሬት በአደራ ነው የያዘው፣ ሙሉ ወደብ ለአንድ ኩባንያ አሳልፎ መስጠት አይችልም አለ። እንግዲህ ለባቡር ኩባንያ ያልሆነ ላንድ ቤተሰብም አይሆንም ማለት ነው።

ግን ዝም ብለህ አትመለስ። አንዳንድ ከተሞች ደንባቸው ውስጥ ለትዳር ጓደኛ ወይ ለልጅ ፈቃዱ እንዲዛወር የሚል ልዩ አንቀጽ አላቸው፣ ሃርበር ማስተሩ፣ የወደቡ ኃላፊ፣ ሲያፀድቀው ማለት ነው። ስለዚ ደንቡን በፅሁፍ ስጡኝ በል፣ የቃል መልስ ይዘህ እንዳትወጣ። ከከለከሉህም ክልከላው በፅሁፍ ከነምክንያቱ ይሁን፣ ይግባኝ ለማለት ያ ወረቀት ያስፈልግሃል።

ደሞ ሌላ ነገር፣ ቦታ አይወረስም የሚለው ሕግ ለአንተ ብቻ ከሆነ እዛ ጋ ነው ችግሩ። በየወደቡ የሚታወቅ ዘዴ አለ፣ አሮጌ ጀልባ ከዋጋዋ እጥፍ ይሸጣል፣ ገዢው የሚገዛው ጀልባዋን ሳይሆን ከሷ ጋር "አብሮ የሚመጣውን" ሙሪንግ ነው፣ ወረፋው ላይ አመታት የጠበቀው ሰውዬ ግን እዛው ይጠብቃል። መድሀኒቱ ወረፋውን አደባባይ ማውጣት ነው፣ ማን በየትኛው ቀን ተመዘገበ፣ ማን መቼ ቦታ አገኘ፣ በቃ። እዚ ጋ ለቢሮውም ልሟገትለት፣ ከኋላህ ያለ ሰው ቀደመህ ማለት ሁሌ ጉቦ ማለት አይደለም። ጀልባ በነፋስና በሞገድ በሰንሰለቷ ዙሪያ ትዞራለች፣ ለ6 ሜትር ጀልባ የተለካ ክብ ውስጥ 12 ሜትር ጀልባ ብታስር ጎረቤቷን ትመታለች፣ ጥልቀቱም ላይበቃት ይችላል። የተለቀቀው ቦታ ለትንሽ ጀልባ ከሆነ ትንሽ ጀልባ ያለው ቀጣዩ ሰው ይወስደዋል። ይሄም ግን ዝርዝሩ ላይ ይፃፍ፣ ካልተፃፈ ሰው መጠርጠሩ አይቀርም።

ደዋይ፦ ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፎ አየሁ፣ ማዘጋጃ ቤት ስደውል ወደብ ጠይቂ፣ ወደብ ስደውል የባሕር ጠባቂ ጠይቂ። ለማን ነው ሚነገረው እህ?

እህቴ በመጀመሪያ ለባሕር ጠባቂው ወይ አገሩ ላይ ለባሕር ብክለት ለተመደበው የድንገተኛ ስልክ፣ ዘይት ጊዜ አይሰጥም። ከዛ ለሃርበር ማስተሩ። በጥቅሉ ትልልቅ መርከብ፣ የመርከበኛ ፈቃድ፣ ነፍስ አድን ምናምን የማዕከላዊ መንግስት ስራ ነው፣ ፈቃዱ፣ ቦታ ምደባው፣ ወደቡ ውስጥ ያለው የፍጥነት ገደብ፣ ፒሩ (ጀልባ የሚጠጋበት መድረክ)፣ ቆሻሻው ደሞ የከተማው። ፎቶ አንሺ፣ ሰዓቱን ፃፊ፣ የነፋሱን አቅጣጫ ካወቅሽ እሱንም ጨምሪ፣ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ይረዳቸዋል። አንዱ ወደ ሌላው እየገፋ ከመለሰሽ ግን የሁለቱንም መልስ ይዘሽ ለምክር ቤቱ ፃፊ፣ ይሄ የስልክ ቅብብሎሽ በተፈጥሮ የመጣ አይደለም፣ ስራው በወረቀት ስላልተከፋፈለ ነው።

ደዋይ፦ ባለፈው ማዕበል ጀልባዬ ተበጥሳ ሌላ ሰው ጀልባ ላይ ወጣች። ፈቃድ አለኝ፣ ከፍያለሁ፣ ከተማው አይደል ተጠያቂው?

እኔ ብዙ ጊዜ ምጠብቀው ጥያቄ ይሄ ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ፣ ሙሪንጉ የማነው? ከተማው አስቀምጦ የሚያከራየው ከሆነ ሰንሰለቱን የማየት ግዴታው በአብዛኛው የሱ ነው። አንተ ራስህ ገዝተህ ያስቀመጥከው ከሆነ ግን ፈቃዱ ማለት እዚህ ማሰር ትችላለህ ማለት እንጂ ሰንሰለትህ ጠንካራ ነው ብለን ፈርመንልሃል ማለት አይደለም። ሰው ግን ፈቃዱን እንደ ዋስትና ነው ሚያየው። ስለዚ ኢንሹራንስህን ቶሎ አናግር፣ የተበጠሰውን ጫፍ ደሞ እንዳትጥለው፣ ማስረጃህ እሱ ነው።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ እንምጣ። ላዩን ስታየው አዲስ ይመስላል፣ ሚበላው ግን ወለሉ ጋ ነው፣ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል፣ ሞገድ ሲያነሳው፣ አንዴ ተነስቶ አንዴ ወድቆ አሸዋ ላይ የሚፈተገው ክፍል። እዛ ጋ ቀለበቶቹ እርስ በርስ ተፋጭተው ውፍረታቸው ሊያልቅ ይችላል፣ ጠላቂ ወርዶ በመለኪያ ካልለካው ወይ ሰንሰለቱ ተጎትቶ ካልወጣ ማንም አያየውም። ሌላው ሻክሉ ነው፣ ሰንሰለቱን የሚያያይዘው ብረት ማለቴ ነው፣ ፒኑ በሽቦ ካልታሰረ ቀስ በቀስ ይፈታል። ከቡይ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ የሚሄደው ገመድም ጠርዝ ላይ እየተሻሸ አንድ ሌሊት ውስጥ ሊቆረጥ ይችላል።

ክብደቱ ላይ ደሞ ብዙ ሰው ይታለላል። 1 ቶን ኮንክሪት ባሕር ውስጥ ሲገባ ሚመዝነው 570 ኪሎ ገደማ ነው፣ ውሃው ወደላይ ስለሚገፋው። ብረት ከሆነ ወደ 870 ኪሎ ይቀርለታል። ስለዚ 1 ቶን ኮንክሪት አስቀምጫለሁ ብሎ የሚፎክር ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያስቀመጠው ማለት ይቻላል፣ ያ ብሎክ ጭቃ ውስጥ ካልሰመጠ ደግሞ በመንሸራተት ይሄዳል። የነፋስ ጉልበት ደሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ነው ሚሆነው፣ በ30 ኖት (የባሕር ላይ የፍጥነት መለኪያ ነው) አመቱን ሙሉ የቻለ ሙሪንግ በ60 ኖት ይችላል ማለት አይደለም።

የከተማው ጥፋት ካለ ግን እዚ ጋ ነው፣ ጠያቂው ይሄንን ይያዝልኝ። ሰንሰለት ሲረዝም ጉተታው አግድም ይሆናል፣ መልህቁም ወለሉን ይይዛል። ሲያጥር ጉተታው ወደላይ ይሆንና ይነቅለዋል። ማዕበል ሲመጣ ደሞ ባሕሩ ራሱ ከፍ ስለሚል ያው ሰንሰለት ድንገት አጭር ይሆናል። ረጅም ሰንሰለት ግን ሰፊ ክብ ይፈልጋል፣ ሰፊ ክብ ማለት ጥቂት ጀልባ፣ ጥቂት ጀልባ ማለት ጥቂት ክፍያ፣ ወረፋው ላይ ያለውም ሰው ይጮሃል። ስለዚ ቢሮው እያጠጋጋ እያሳጠረ ይጨምራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል እስከ አንድ ማዕበል ድረስ። ሶስት ነገር ጠይቅ፣ ወደቡ ስንት ጀልባ ይችላል ተብሎ ተጠንቶ ያውቃል ወይ፣ ለጀልባ ርዝመት የተወሰነ የክብደትና የሰንሰለት መስፈርት አለ ወይ፣ የጠላቂ ሪፖርት በስንት አመት አንዴ ነው ሚጠየቀው። መስፈርቱ ኖሮ አንተ ካላሟላህ ጥፋቱ አንተ ጋ ይመጣል፣ መስፈርቱ ጭራሽ ከሌለ ግን ጠበቃህ ሚናገረው አለው።

ደዋይ፦ ሙሪንግ ላይ ጀልባ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፣ ፍሳሻቸውን ባሕር ውስጥ ነው ሚለቁት፣ እኛ ደሞ እዛው ነው ምንዋኘው። አለም አቀፍ ሕግ የለም እንዴ?

አለ፣ ማርፖል ይባላል፣ መርከቦች ባሕር እንዳይበክሉ የወጣ ስምምነት ነው፣ ችግሩ የፍሳሽ ክፍሉ ትንንሾቹን አይነካም። እሱ ሚመለከተው በአለም አቀፍ ጉዞ ላይ ያሉ 400 ቶንና ከዛ በላይ የሆኑትን ወይም ከ15 ሰው በላይ እንዲይዙ የተፈቀደላቸውን መርከቦች ነው። የቆሻሻው ክፍል ግን ለሁሉም ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 መጨረሻ ጀምሮ ስራ ላይ ውሏል፣ ፕላስቲክ ባሕር ላይ መጣል ለትልቅም ለትንሽም ክልክል ነው። ስለዚ የጎረቤትሽ ሽንት ቤት ጉዳይ የአገርና የከተማ ደንብ ነው። እኔ ምለው ግን ቅጣት ብቻ አያዋጣም፣ ፍሳሽ መሳቢያ ፓምፕ ፒሩ ላይ ከሌለ ወይ ተበላሽቶ ከተቀመጠ ሰውዬው የት ይውሰደው? ፓምፑ ይሰራ፣ ነፃ ይሁን ወይ እርካሽ ይሁን፣ ከዛ በኋላ የለቀቀ ይቀጣ። መኖሩን ራሱ መከልከል ሌላ ጥያቄ ነው፣ ቤት ኪራይ አቅቶት እዛ የገባ ሰው አለ፣ እሱን በወደብ ደንብ ብቻ ልፍታው ማለት አይሆንም።

ደዋይ፦ አጠገባችን አንድ ጀልባ ግማሽ አካሏ ሰምጦ ከርማለች፣ ባለቤቷ የለም። ማን ያነሳታል?

ለትልልቆቹ ስለ መርከብ ስባሪ ማንሳት የናይሮቢው የ2007 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት አለ፣ በ2015 ስራ ላይ ውሏል፣ 300 ቶንና ከዛ በላይ የሆነ መርከብ ስባሪውን ለማንሳት የሚያስችል ኢንሹራንስ እንዲይዝ ያስገድዳል። ያንተ ጎረቤት ግን ፋይበርግላስ ናት፣ አትበሰብስም፣ ለሪሳይክል አትመችም፣ የሚሸጥ ብረት የላትም፣ ለዛ ነው ባለቤቶቿ ሚጠፉት። አሰራሩ ማስታወቂያ መለጠፍ፣ ቀነ ገደብ፣ ከዛ ማንሳትና ወጪውን ባለቤቱ ላይ መጣል ነው፣ ባለቤት ካልተገኘ በቃ ከተማው ይከፍላል። ስለዚ ብልጥ ቢሮ ፈቃድ ሲያድስ ምዝገባና የስባሪ ማንሻን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ይጠይቃል። ነዳጅ እየፈሰሰ ከሆነ ግን ቀነ ገደብ አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ደውል።

ደዋይ፦ የሙሪንግ ክፍያ ጨመረ፣ ፒሩ ግን እንደተሰበረ ነው። ገንዘቡ የት ነው ሚገባው?

ከተማው ጠቅላላ ካዝና ከገባ መንገድ ሊሰራበት ይችላል፣ ለብቻው የወደብ ሂሳብ ካለ ግን እዛው ነው ሚቀረው። የቱ እንደሆነ አመታዊ በጀቱ ላይ አለ፣ ጠይቂ። አንድ ሌላ ነገር ደሞ ልጨምርልሽ፣ ክፍያውን የሚወስነው የወደብ ኮሚቴ ውስጥ ስንቱ ራሱ ሙሪንግ አለው? ባሕሩን የሚያውቅ ሰው ኮሚቴ ውስጥ መኖሩ ጥሩ ነው፣ ግን ስለ ወረፋና ስለ ቦታ ድምፅ ሲሰጥ ጥቅሙን ተናግሮ ይውጣ። ዓሣ አጥማጁም፣ በትንሽ ካያክ የሚቀዝፈውም፣ ጀልባ ጭራሽ የሌለውም ሰው ወንበር ይኑረው።

የመጨረሻ ደዋይ፦ መንገደኛ ነኝ፣ ሙሪንግ የለኝም፣ አንድ ሌሊት መልህቅ ጥዬ ባድር ይቀጡኛል?

መልህቅ ጥሎ ማደርና ቋሚ ሙሪንግ ማስቀመጥ ለየብቻ ናቸው። ካርታው ላይ የመልህቅ ስፍራ ተብሎ የተመለከተ ቦታ ካለ እዛ እደር፣ መተላለፊያ መስመር ላይ፣ የባሕር ውስጥ ኬብል ያለበትና የባሕር ሳር ያለበት ቦታ ላይ አትጣል፣ ሰንሰለትህ እየዞረ ሳሩን ይነቅለዋል። ባዶ ያየኸውን የሰው ቡይ እንዳትይዝ፣ ለስንት ቶን እንደተሰራ አታውቅም፣ ባለቤቱም እኩለ ሌሊት ሊመጣ ይችላል። ጭንቅ ከገጠመህ፣ ሞተር ከጠፋ ወይ ማዕበል ከያዘህ፣ መጠለል ይፈቀድልሃል፣ ለሃርበር ማስተሩ ግን በሬዲዮ አሳውቀው። ሲመሽ ደሞ ከሁሉም አቅጣጫ የሚታይ ነጭ መብራት አብራ፣ ከ7 ሜትር በታች የሆነች ጀልባ ሰው ከሚተላለፍበትና ከመልህቅ ስፍራ ርቃ ከሆነ አትገደድም፣ አንተ ግን ለማንኛውም አብራው።