የተጻፈ ስሌትን ያለ ኢቫል ማስላት

[ስክሪን ላይ፦ የጽሑፍ ሳጥን፤ 2+3*4 ይጻፍበታል]

ተጠቃሚው 2+3*4 ብሎ ጻፈ። ለእኛ ስሌት ነው። ለፕሮግራማችን ግን ገና ተራ ስትሪንግ፣ ማለትም የተደረደረ ጽሑፍ ነው። 14 እንዴት ይምጣ?

ጃቫስክሪፕት ላይ አቋራጩ ኢቫል (eval) የሚባለው ፈንክሽን ነው። በአንድ መስመር 14 ይሰጣችኋል። ግን ኢቫል ሒሳብ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ የሰጡትን ሁሉ እንደ ኮድ ያስኬዳል። ስሌቱ በሊንክ ከመጣ ወይም ሌላ ሰው ያስቀመጠው ከሆነ፣ ኩኪ (ብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጠ የተጠቃሚ መረጃ) ሰርቆ የሚልክ ኮድም ሊሆን ይችላል። ሰርቨር ላይ ሲሆን ደግሞ ፋይሉም ዳታቤዙም ለአደጋ ይጋለጣል።

“ፊደል ያለበትን ባልቀበልስ?” የሚል አይጠፋም። አይበቃም። በእነዚህ ስድስት ምልክቶች ብቻ ማንኛውንም የጃቫስክሪፕት ኮድ መጻፍ ይቻላል፦

[ስክሪን ላይ፦ [ ] ( ) ! +]

እሺ፣ ቁጥርና አራቱን የሒሳብ ምልክቶች ብቻ ፍቀዱ። አሁንም መልሱን ማመን ያስቸግራል። 8//2 ብላችሁ ሞክሩ። ስህተት አይልም፤ 8 ይላል። ከ// በኋላ ያለው ኮሜንት፣ ማለትም ኮዱ ሲሠራ የሚዘለል ማስታወሻ ነዋ!

ስለዚህ ጽሑፉን ራሳችን እናንብበው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1961 ያቀረበው ሻንቲንግ ያርድ የሚባል ዘዴ አለ። በጣም የምወደው ዘዴ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ ሁለት ስታክ፤ አንዱ ለቁጥር፣ አንዱ ለምልክት]

ስታክ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት ክምር ነው። ከግራ እንጀምር። 2 ወደ ቁጥሮቹ። + ወደ ምልክቶቹ። 3 ወደ ቁጥሮቹ። አሁን * መጣ። ማባዛት ይቀድማል፤ ስለዚህ + ይጠብቅ፣ * ከላዩ ይደረብ። 4 ገባ፣ ጽሑፉ አለቀ። ከላይ እያነሳን እንሥራ፦ 3*4፣ 12። 2+12፣ 14።

የመጣው ምልክት ከላይ ያለውን ካልቀደመ ግን መጀመሪያ የላይኛው ይሠራል። የ10-3-2 መልስ 5 እንጂ 9 የማይሆነው በዚህ ነው። ቅንፍ ሲከፈት ምልክቶቹ ላይ ይቀመጣል፤ ሲዘጋ እስከ እሱ ያለው ይሰላል። መጀመሪያ ላይ ወይም ከሌላ ምልክት ቀጥሎ የመጣ - ደግሞ መቀነስ ሳይሆን ኔጌቲቭ ነው፤ እሱን ለብቻው ያዙት።

የማናውቀው ነገር ከመጣስ? ወዲያው ስህተት ብለን እናቆማለን። ኮዳችን ከአራቱ ስሌቶች ውጭ ምንም መሥራት ስለማይችል፣ አጥቂው የፈለገውን ቢጽፍ የሚያስኬድለት የለም። የጽሑፉንም ርዝመት ገድቡ፤ እጅግ ረጅም ስሌት ሰርቨሩን ሊያጨናንቅ ይችላል።

ሳይንና ሎጋሪዝም ካስፈለጋችሁ እንደ ማዝ ጄኤስ ያለ የራሱ ፓርሰር (ስሌቱን የሚያነብ ክፍል) ያለው ላይብረሪ፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ስብስብ ተጠቀሙ። እሱም ቢሆን እንደ ኢምፖርት ያሉ ለስሌት የማያስፈልጉ ፈንክሽኖች አሉት፤ ለተጠቃሚ ከመክፈታችሁ በፊት እነሱን ዝጉ።