አንኳኩቶ መሄድና በር ላይ መቆም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በአየር ላይ ሰዓት ስላጠረን ለሦስት አድማጮች የጀመርኩትን መልስ እዚህ ልጨርስ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ደብተራችን ላይ ያለው ሥዕል ቀጥ ያለ መስመር ነው። ሆርሞኑ የሕዋሱን ተቀባይ ይነካል፣ መልእክቱ ወደ ውስጥ ይተላለፋል፣ መጨረሻ ላይ ዘረመሉ ይነቃል። እውነት እንዲህ ቀላል ነው?

መልስ፦ አይደለም። ግን መምህርህን አትውቀስ፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ሥዕል የለም።

ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች የሚባሉትን ሆርሞኖች እንይ። እንቁላል እንዲበስል፣ የወንድ ዘር እንዲመረት የሚያዙት እነሱ ናቸው። የሚሠሩት ከአንጎል ሥር በተንጠለጠለችው ፒቱታሪ ዕጢ ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱን የሚሠራው ያው አንድ ሕዋስ ነው። አዛዣቸውም አንድ ነው፤ ሃይፖታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል የሚመጣው ጂኤንአርኤች፣ 10 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ትንሽ ሆርሞን። ታዲያ ሕዋሱም አዛዡም አንድ ከሆነ፣ አንዴ ይሄን አንዴ ያንን አብዝቶ መሥራት ከየት መጣ?

ከአመጣጡ ነው። ጂኤንአርኤች እንደ ቧንቧ ውሃ አይፈስም፤ እያረፈ ነው የሚያንኳኳው። በአይጦች እንደታየው በየ30 ደቂቃው ሲያንኳኳ ኤልኤች ይበረታል። በየ2 ሰዓቱ ሲሆን ደግሞ ተራው የኤፍኤስኤች ነው።

ውስጡን ጠጋ ብለን እንየው። ተቀባዩ በተነካ ቁጥር ሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ከፍ ይላል፣ ካይኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞችም ይነሳሉ። በአንደኛው መንገድ ኢጂአር-1 የሚባል ፕሮቲን ይሠራና ኤልኤች ዘረመል መግቢያ ላይ ይቀመጣል፤ ዘረመሉም ይነቃል። በሌላኛው መንገድ ክሬብ የሚባለው ፕሮቲን ፎስፌት ይለጠፍበትና የኤፍኤስኤችን ዘረመል ያነቃል። ችግሩ፣ ክሬብ በዚያ ዘረመል መግቢያ ላይ ባለወንበር ቢሆንም ወንበሩን የሚቀማው ሌላ ፕሮቲን አለ፤ አይሰር ይባላል። ማንኳኳቱ ሲፈጥን አይሰር ይጠራቀምና ክሬብን አስነስቶ ራሱ ይቀመጣል። ኤፍኤስኤችም ዝም ይላል። ማንኳኳቱ ሲዘገይ ግን አይሰር እስከሚቀጥለው ማንኳኳት ድረስ ተሰባብሮ ያልቃል። ወንበሩም ለክሬብ ይለቀቃል።

በዚህ ላይ ከሌላ በር የሚገባ አለ። አክቲቪን የሚባለው ሆርሞን ስማድ በሚባሉ ፕሮቲኖች በኩል መጥቶ ያንኑ የኤፍኤስኤች ዘረመል ይገፋል፤ ከእንቁላል ዕጢ የሚመጣው ኢንሂቢን ደግሞ አክቲቪንን ይከለክላል። እንግዲህ ያ ቀጥ ያለ መስመርህ ላይ ስንት ሰው እንደተሰለፈበት አየህ። የሚገናኙት ሁሉ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ላይ ነው፤ እኔ በግሌ የሚገርመኝም ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ለፕሮስቴት ካንሰር ሊዩፕሮላይድ የሚባል መርፌ ታዘዘላቸው። ወረቀቱን ሳነበው ጂኤንአርኤችን የሚመስል ነው ይላል። እሱ እኮ የወንድ ሆርሞን የሚያስመርት ነው! ተሳስተው ይሆን?

መልስ፦ አልተሳሳቱም፣ እርስዎም ወረቀቱን በደንብ ነው ያነበቡት። ለጊዜው ሆርሞኑ ከፍ ይላል። ለዚህ ነው ሐኪሞች መጀመሪያ ላይ የወንድ ሆርሞንን ሥራ የሚያግድ ኪኒን አንዳንዴ የሚጨምሩት። ከሳምንታት በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መርፌው አንኳኩቶ አይሄድም፤ በር ላይ ይቆማል። ሕዋሱም ይሰለቻል፤ ተቀባዮቹን ይቀንሳል፣ መልእክቱንም ችላ ይላል። ኤልኤች ይወርዳል፣ የወንድ ሆርሞኑ ቴስቶስትሮንም አብሮ ይወርዳል።

ይህ በ1978 በወጣ የዝንጀሮ ሙከራ ቁልጭ ብሎ ታይቷል። የራሳቸው ጂኤንአርኤች የተቋረጠባቸው ዝንጀሮዎች ያለማቋረጥ ሲሰጣቸው ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ወረደ። ያንኑ ሆርሞን በሰዓት አንዴ ለጥቂት ደቂቃ ሲሰጣቸው ተመልሶ ወጣ። አባትዎ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ የአጥንት ሕመም ከባሰባቸው ወይም ሽንት ካስቸገራቸው፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪማቸው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ፕሬድኒሶሎን ለወራት ወስጃለሁ። አሁን ደህና ነኝ፤ ሐኪሜ ግን በአንዴ አታቁም፣ ቀስ እያልክ ቀንስ አለኝ። ዳንኩ አይደል እንዴ?

መልስ፦ ሕመሙ ድኗል፤ ዕጢዎቹ ግን ገና አልነቁም። በደህናው ጊዜ ሲአርኤች የሚባል ሆርሞን ፒቱታሪ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባለውን የሕዋስ ውስጥ መልእክተኛ ከፍ ያደርግና ፖምክ የሚባለውን ዘረመል ያነሳሳል። ከዚያ ዘረመል ኤሲቲኤች የሚባል ሆርሞን ይገኛል፤ እሱ ደግሞ ኩላሊት አናት ላይ ያሉትን ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን አምርቱ ይላል። ኮርቲሶሉ ሲበዛ ተመልሶ የፒቱታሪ ሕዋሱ ውስጥ ይገባና ፖምክን የሚያነሳሳውን ነር77 የሚባል ፕሮቲን ይይዘዋል። ራሱን በራሱ ይገታል ማለት ነው።

ፕሬድኒሶሎን ለሕዋሱ ልክ እንደ ኮርቲሶል ነው የሚታየው። ለወራት ሲቆይ ፖምክ ይተኛል፤ ኤሲቲኤች የጠፋባቸው ዕጢዎችም ይሟሽሻሉ። ኪኒኑን ዛሬ በአንዴ ብትተወው ነገ ኮርቲሶል የሚያመርትልህ የለም፤ የደም ግፊትህ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለህ። ዕጢዎቹ ለመነቃቃት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ሐኪምህ በሰጠህ መጠን ቀንስ። በመሃል ትኩሳት ወይም ትውከት ከያዘህ ደግሞ ቶሎ ደውልለት፤ መጠኑን ለጊዜው ከፍ ሊያደርግልህ ይችላል።